ስለ ነፍሰ ጡር የወገብና የዳሌ ሕመም

ከጎረቤቶቻችን አንዷ የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ሳለች፣ አንድ ቀን ከታክሲ ስትወርድ አንድ እግሯን መሬት ላይ አሳርፋ ሁለተኛውን ማውረድ አቅቷት በሩን ይዛ ቆማ አገኘናት። ምን እንደ ሆነች ብንጠይቃት፣ ከእምብርቷ በታች ያለው አጥንት ለሁለት የሚሰነጠቅ እንደሚመስላት፣ ሌሊትም በአልጋዋ ላይ በተገላበጠች ቍጥር ዕንባዋ እንደሚመጣ ነገረችን። ለማን እንደ ነገረች ስንጠይቃት ለአማቷ ነግራ ኖሮ፣ «እኔ ሰባት ስወልድ ወገቤን ማን ጠየቀኝ? እርግዝና ነው፤ ቻይው» የሚል መልስ እንዳገኘች ገለጸችልን። አማቲቱ ክፉ ሰው አይደሉም፤ እሳቸውንም በጊዜያቸው ቻይው ያሏቸው ነበሩ።

እኛም በዛሬው ጽሑፋችን ልንቃወመው የተነሣነው ይህንኑ «ቻይው» የሚለውን ምክር ነው።

ከነፍሰ ጡሮች ከግማሽ የሚበልጡት በእርግዝናቸው ወራት ወገባቸውን ያማቸዋል፤ ከአምስቱ አንዷ ያህል ደግሞ የዳሌዋ መጋጠሚያ ይታመማል። ስለዚህ ነገሩ ስንፍናም ቅምጥልነትም አይደለም። ዳሌ አንድ ወጥ አጥንት ይመስለናል እንጂ ከኋላ በሁለት፣ ከፊት በአንድ ቦታ በጠንካራ ጅማት የተገጣጠመ ነው። ሴት ስታረግዝ ሰውነቷ ለወሊድ ለመዘጋጀት በሚያመነጫቸው ሆርሞኖች ምክንያት ጅማቶቹ ይላላሉ። ሆዷም ወደ ፊት እየገፋ ሲሄድ ሚዛኗን ለመጠበቅ ወገቧን ወደ ኋላ ትለምጠዋለች፤ የሆዷ ጡንቻ ተለጥጦ ስለሚደክም ሸክሙ በወገቧ ላይ ይበዛል።

የዳሌው ሕመም የሚብሰው ሁለቱ እግሮች እኩል በማይሠሩበት ጊዜ ነው፤ ይኸውም ደረጃ ሲወጡ፣ በአንድ እግር ቆመው ልብስ ሲለብሱ፣ ከመኪና ሲወርዱ ነው። ጎረቤታችን በመጨረሻ ወደ ጤና ጣቢያ በሄደች ጊዜ አዋላጇ ነርስ አስቀድማ የጠየቀቻት፣ ከአልጋ የምትነሣው እንዴት እንደ ሆነ ነበር። መልሱን ከሰማች በኋላ ጉልበቶቿን አጥፋና ገጥማ፣ ትከሻዋንና ዳሌዋን በአንድነት ወደ ጎን አዙራ፣ እግሮቿን ካወረደች በኋላ በክንዷ ገፍታ እንድትነሣ አሳየቻት። ከታክሲም ስትወርድ አስቀድማ ወደ በሩ ዞራ ሁለቱን እግሮች አብራ እንድታወጣ፣ ልብሷን ተቀምጣ እንድትለብስ፣ በጎኗ ተኝታ በጉልበቶቿ መካከል ትራስ እንድታደርግ መከረቻት። ትራስ ያላነሣት ቤት ካለ መልካም፤ ከሌለም የታጠፈ ጋቢ ያንኑ ሥራ ይሠራል።

ነገር ግን ወገብ የሚጐዳው ከአልጋው ይልቅ በማዕድ ቤት ነው። ልብስ የሚታጠብበት ሳፋ መሬት ላይ ሲሆን ነፍሰ ጡሯ እጥፍ ብላ ትውላለች፤ ሳፋውን በጠረጴዛ ላይ ማውጣት ምንም ወጪ የለውም። ቡና የሚፈላበት በርጩማ ዝቅተኛ ስለሆነ፣ ከእሱ ይልቅ መደገፊያ ባለው ወንበር ተቀምጣ ከወገቧ በስተኋላ የታጠፈ ነጠላ ብታደርግ ይሻላታል። ከመሬት ባለ ምድጃ የምትጋግርም ሁለት ሦስት እንጀራ ባወጣች ቍጥር ተነሥታ ትንሽ ብትራመድ ሊጡ አይሸሽም። ታላቁ ልጅ እቀፊኝ ብሎ ሲያለቅስ ከመሬት ከማንሣት ተቀምጣ ወደ እሷ እንዲወጣ ማድረግ ነው። የውሃው ጀሪካን ግን ፈጽሞ የእሷ ሥራ መሆን የለበትም፤ 20 ሊትር ውሃ 20 ኪሎ ነውና። በዚህ ላይ ለቤቱ ጌታ የምንነግረው ረዥም ቃል የለንም፤ ጀሪካኑን ያንሣ።

እንዲህ ስንል ቀኑን ሙሉ ተኝታ ትዋል ማለታችን አይደለም፤ መተኛት ብቻውን ጡንቻን ያደክማል እንጂ አያድንም። የዓለም የጤና ድርጅት በ2016 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ባወጣው መመሪያ፣ ሕመሙን ለመከላከል በእርግዝና ወራት ሁሉ ሰውነትን ማንቀሳቀስ እንደሚገባ ገልጿል፤ ፊዚዮቴራፒንና የድጋፍ ቀበቶንም በሕክምናው ውስጥ ጠቅሷል። አጭር የእግር ጉዞ ጥሩ ነው። ደግሞም በምንጣፍ ላይ በመዳፍና በጉልበት ተንበርክኮ፣ ድመት እንደምታደርገው ጀርባን ወደ ላይ ማጉበጥና ቀስ ብሎ ወደ ቀጥታው መመለስ ወገብን ያሳርፋል። ሕመም የሚያብስ እንቅስቃሴ ሲሆን ግን ማቆም ነው። እናቶቻችን መቀነት የሚታጠቁት ያለ ምክንያት አይደለም፤ ሆኖም ከሆድ በታች ዳሌን ደግፎ ይታሰር እንጂ ሆድን አያጨናንቅ።

ሆድን ማሳሸት አደገኛ ስለሆነ ከዚህ መራቅ ይገባል። መድኃኒትንም ከሐኪም ሳይማከሩ መግዛት አይገባም፤ በተለይ እንደ ኢቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ ያሉት ከ20 ሳምንት በኋላ ጽንሱን ሊጐዱ ይችላሉ።

ወገብ ያመመው ሁሉ ደግሞ በእርግዝና ክብደት ብቻ አይታመምም። ከ37 ሳምንት በፊት እየመጣ እየተመለሰ የሚያጣድፍ የወገብ ሕመም ያለ ጊዜው የመጣ ምጥ ሊሆን ይችላል። ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት፣ ሽንት ሲሸኑ ማቃጠል፣ ከጎድን በታች መውጋት ከተሰማ ኩላሊት ተመርዞ ሊሆን ይችላል። ደም ወይም ውሃ ከፈሰሰ፣ እግር ከደነዘዘ ወይም ከከዳ፣ ሽንትን መቈጣጠር ካቃተ አንድ ቀን ሳያድሩ፣ በሌሊትም ቢሆን፣ ወደ ሐኪም ቤት መሄድ ያስፈልጋል። ቻይው የተባለች ሴት ይህንንም ዝም ብላ ትችለዋለችና ነው የምንፈራው።

ዳሌዋን የሚያማት ሴት ለመውለድ በገባች ጊዜ ጉልበቶቿ ያለ ሕመም እስከ ምን ድረስ እንደሚከፈቱ ለአዋላጇ አስቀድማ ትንገር። ከወሊድ በኋላ ሕመሙ በአብዛኞቹ ላይ በሳምንታት ወይም በጥቂት ወራት ውስጥ ይቀንሳል፤ የላሉት ጅማቶች ግን በአንድ ቀን ስለማይጠብቁ በአራስነት ከባድ ነገር ማንሣት አይገባም። ካልተሻላትም ተመልሳ ትታይ።

ጎረቤታችን በሰላም ወልዳለች። አራስ ቤት ልንጠይቃት በሄድን ጊዜ አማቷ ከወንበሩ በስተኋላ የሚሆን ነጠላ እያጠፉ ነበር፤ ልጃቸውንም ጀሪካኑን እንዳይረሳ ሲቈጡት ሰማናቸው።