በመኪና የወጣነውም ተራራ ነው

ዛሬ የጉዞ ወሬ ነው ያመጣሁላችሁ፤ ግን ዞሮ ዞሮ ጤና ላይ ነው የሚያርፈው።

ባለፈው መስከረም ከጓደኞቼ ጋር በሚኒባስ ባሌ ሄድን። ጎባ አድረን ጠዋት ስንነሳ ሰማዩ ጥርት ብሏል። አዘጋጆቹ ያደሉንን ቲሸርት ለብሰን ወደ ሳነቴ ወጣን። እኔ ሐኪሙ ራሴ የደረብኩት ቀጭን የጂንስ ጃኬት ነበር፤ አትፍረዱብኝ። ጅብራው መሀል ፎቶ እየተነሳን፣ "ቀይ ቀበሮ ሳናይ አንመለስም" እያልን ጉሙ መጣ። ከጉሙ ቀጥሎ በረዶ። መኪናው ጋ እስክንደርስ ሁላችንም በስብሰናል። ትንሽ ቆይቶ አንዷ ጓደኛችን በጣም ትንቀጠቀጥ ጀመር። የሹራቧን ዚፕ መዝጋት አቃታት፣ ስናናግራት ምላሷ ተሳሰረ። አንዱ ልጅ "አረቄ ይሻላታል" ብሎ ጠርሙስ አወጣ።

ከልጁ ጋር የተጣላነው እዚህ ጋ ነው። አረቄ አያሞቅም! ቆዳችን ላይ ያሉትን የደም ሥሮች ስለሚከፍት ሙቀት ይሰማናል እንጂ የውስጣችን ሙቀት በዚያው እየወጣ ነው። ሴቶቹ እርጥብ ልብሷን ቀይረው በጋቢ ጠቀለሏት፣ መሀላቸው አስቀመጧት፣ ስኳር የበዛበት ሻይ ከፔርሙስ ቀዳንላት። ሹፌሩንም "ቶሎ ወደ ታች" አልነው። ጎባ ስንደርስ ትስቅብን ነበር።

ሳነቴ ከሚሊዮኖች ዓመታት በፊት ከምድር ውስጥ የፈሰሰ ላቫ የሠራው አምባ ነው። እዚያው ያለው ቱሉ ዲምቱ 4377 ሜትር ነው። ችግሩ መኪና ጫፉ ድረስ ይወስዳል። እግሩ ያልደከመው ሰው ደግሞ ተራራ የወጣ አይመስለውም። ሰውነት ግን ያውቃል፤ እዚያ ላይ የአየሩ ግፊት ከባሕር ወለሉ 60 በመቶ ገደማ ነው። በየ1000 ሜትሩ ሙቀቱ በአማካይ 6 ዲግሪ ያህል ይቀንሳል፣ ያውም ነፋሱና ዝናቡ ሳይቆጠር። የጥጥ ቲሸርት ከራሰ ደግሞ ሙቀታችንን ይመጠዋል።

"እኛ አዲስ አበቤዎች ከፍታ ለምደናል" የሚል አይጠፋም። በከፊል እውነት ነው። ከድሬዳዋ የመጣው ዘመዳችሁ ወይም ትናንት ከዱባይ የገባችው እህታችሁ ግን አልለመዱም። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና ማዞር ከጀመረ ከፍ ወዳለ ቦታ አትቀጥሉ። ግራ መጋባት፣ እንደ ሰከረ ሰው መንገዳገድ ወይም ቁጭ ብሎም ትንፋሽ ማጠር ካለ "ነገ እናያለን" አይባልም፤ በሌሊትም ቢሆን መውረድና ወደ ሕክምና መሄድ ነው። የልብ፣ የሳንባ ወይም የደም ማነስ ችግር ያለባችሁና ነፍሰ ጡሮች ከመነሳታችሁ በፊት ሐኪማችሁን አማክሩ። አስም ያለበት ደግሞ የሚነፋውን መድኃኒት ሻንጣ ውስጥ ሳይሆን ኪሱ ውስጥ ይያዝ።

የጉዞ አዘጋጆችም ላይ ቅሬታ አለኝ። የቲሸርቱን ቀለም ሦስት ጊዜ ጻፉልን፤ የዝናብ ልብስ ያዙ ያለን የለም፤ ሕመም ያለበት አለ ወይ ብሎ የጠየቀም የለም። ማስታወቂያው ላይ ሁለት መስመር መጨመር ምን ያህል ያስከፍላል?

እኔ አሁን ቦርሳዬ ውስጥ የዝናብ ጃኬት፣ የሱፍ ኮፍያ፣ በፌስታል የታሰረ ደረቅ ልብስና ሁለት ካልሲ አይጠፋም። ያንን ቲሸርት የምለብሰው ስተኛ ነው።