ከአባት ስለ ተወረሰ መኪናና ስለ ፍሬኑ

ከአባት ወደ ልጅ የተላለፈ አሮጌ ላንድሮቨር ፒክአፕ ያለው የመቀሌ ቤተ ሰብ እንደ ርስት አክብሮ ይይዘዋል። ይህ መልካም ነው። ነገር ግን የመኪና ክብሩ በመሄዱ ብቻ ሳይሆን በመቆሙም ጭምር ነው።

እኛ ከችሎት መዝገብ ዘንድ የምንውል ስለ ሆንን፥ «ፍሬኑ እምቢ አለኝ» የሚለውን የተከሳሽ ቃል ብዙ ጊዜ ጽፈናል። ቃሉ እውነት ቢሆንም እንኳ የሞተውን አያስነሣም። ባለፈው ክረምት ግን ይኸው ቃል ከታናሽ ወንድማችን አፍ ወጣ። እህልና ልጆቹን ጭኖ ከማይጨው ወደ መቀሌ ሲመጣ፥ የአላጀን ቁልቁለት እንደ ጀመረ ፔዳሉ ወደ ወለሉ ይሰምጥ ጀመር። በማርሽ ይዞ ወደ ተራራው ጥግ ባያስጠጋው ኖሮ፥ ዛሬ የምንጽፈው ሌላ በሆነ ነበር።

ላንድሮቨር ፒክአፕ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1948 ከወጣ ጀምሮ፥ በ1983 የፊት ዲስክ ያለው ዓይነት እስኪመጣ ድረስ በአራቱም እግሩ ታምቡሮ ነበረው። በታምቡሮ ውስጥ ሸራ የለበሱ ሁለት ብረቶች ወደ ውጭ ተገፍተው የሚዞረውን ከበሮ ይይዙታል። ቁልቁለቱ ሲረዝም ከበሮው ይግላል፤ ሲግልም እየሰፋ ከሸራው ይርቃል። ወንዝ ከተሻገረም ውሃ በውስጡ ይቀራል። ዲስክ ግን ነፋስ በሚያገኘው ስፍራ የሚዞር ጠፍጣፋ ብረት ስለ ሆነ፥ ሸራዎቹ ከግራና ከቀኝ ይጨብጡታል፤ ቶሎ ይበርዳል፤ ውሃውንም ይበትናል። በ1953 ጃጓር በፈረንሳይ አገር የለ ማንን የ24 ሰዓት እሽቅድምድም ያሸነፈው በዚህ ፍሬን ነው።

ወንድማችን ግን «አባታችን የተዉልንን መኪና እንዴት አፈርሳለሁ?» አለ። እኛም «አባታችን የገዙት ልጆቻቸውን በደኅና ወደ ቤት ሊያገቡበት ነው፤ አሮጌውን ታምቡሮ በሣጥን አኑረው» ብለን መለስንለት።

ሥራው ዲስክ ገዝቶ በመግጠም ብቻ አያልቅም። መኪና ሲቆም ክብደቱ ወደ ፊት ስለሚጫን፥ የፊቱን ሁለት እግር መለወጥ ይበቃል። ነገር ግን ዲስክ ብርቱ ግፊት ይሻልና፥ የሚስማማው ማስተርና የእግርን ኃይል የሚያግዝ ሰርቮ ያስፈልጉታል። ማስተሩም ለፊትና ለኋላ የተከፈለ ይሁን፤ አንዱ ቱቦ ቢፈስ ሌላው ይቀራልና። ሞተሩ የናፍጣ ከሆነ፥ ለሰርቮው አየር የሚስብ ፓምፕ መጨመር ግድ ነው። ወደ ኋላ የሚሄደው ግፊት ካልተመጠነ የኋላው ጎማ ቀድሞ ይታሰርና መኪናው ይሽከረከራል። ቸርኬው ዲስኩን ከሚጨብጠው ዕቃ ጋር እንዳይነካካም አስቀድሞ ይለካ። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ስለሚጠጣ፥ በረዥም ቁልቁለት ሲግል ይፈላል፤ ስለዚህ በየ2 ዓመቱ ይለወጥ።

ሥራው ሲፈጸም፥ ልጆች ሳይሳፈሩበት በሜዳ መንገድ ደጋግሞ መፈተን ይገባል። ከዚያም በኋላ ቢሆን፥ በከባድ ማርሽ የሚወጣውን ዳገት በከባድ ማርሽ መውረድ የነጂ ሁሉ ግዴታ ነው፤ ዲስክ ጥንቃቄን አይተካምና። ወጪው ቀላል አይደለም፤ ነገር ግን «ሳይቃጠል በቅጠል» እንደ ተባለ፥ ከችሎት ፊት ከመቆም በጋራዥ ደጅ መቆም ይሻላል።