ብሬል በገበጣ ጉድጓድ

ዓይናማ ልጅ ትምህርት ቤት ሳይገባ ፊደል ጠግቦ ያድጋል። የብስኩቱ መጠቅለያ፣ የታክሲው ታፔላ፣ የታላቅ እኅቱ ደብተር ላይ ሲያየው ይውላል። ማንበብ ባይችልም ጽሑፍ የሚባል ነገር እንዳለና ትልልቆቹ እሱን እያዩ እንደሚናገሩ ገብቶታል። ማየት የተሳነው ልጅ ግን ፊደል በራሱ ጊዜ አይመጣለትም፤ አንድ ሰው እጁ ላይ ካላደረሰለት በቀር። ብዙ ጊዜ ከብሬል ጋር የሚተዋወቀው ትምህርት ቤት ገብቶ ነው። ያኔም የሚጠብቀው ወፍራም ወረቀት፣ ስሌት የሚባለው ወረቀት መያዣ ሰሌዳና ስታይለስ የሚባለው መውጊያ፣ እንዲሁም "ድገም" የሚል ትእዛዝ ነው።

ይህ ለሕፃን ጣት ከባድ ጅምር ነው። በስሌት ሲጻፍ ነጥቡ የሚያብጠው በወረቀቱ ጀርባ ስለሆነ፣ ልጁ ከቀኝ ወደ ግራ እየወጋ ይጽፍና ወረቀቱን ገልብጦ ከግራ ወደ ቀኝ ያነባል። በአንድ ሴል፣ ማለትም ስድስቱ ነጥቦች በሚሰፍሩበት ሳጥን ውስጥ፣ ጎን ለጎን ባሉ ነጥቦች መካከል ያለው ርቀት ደግሞ 2.5 ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ሊጥ ጠፍጥፎ ያልተጫወተ፣ ምስርን ከሽንብራ በዳሰሳ ለይቶ የማያውቅ ጣት ይህን በአንድ ጊዜ እንዲለይ መጠየቅ ተገቢ አይደለም። መቅደም ያለበት ጨዋታ ነው።

ብሬል ከልጅ እጅ የወጣ፣ በጣት ልክ የተመጠነ ጽሕፈት ነው። ሉዊ ብሬል ስልቱን እ.ኤ.አ. በ1824 ሲቀርጽ ራሱ የ15 ዓመት ልጅ ነበር። መነሻ የሆነው የሻርል ባርቢዬ የ12 ነጥብ ጽሕፈት ከጣት ጫፍ ስለሚተርፍ ወደ ስድስት አወረደው።

በሌላው ዓለም ብሬልን በጨዋታ ማስተማር ከተጀመረ ቆይቷል። የዴንማርክ ዓይነ ስውራን ማኅበርና የብራዚሉ ዶሪና ኖዊል ፋውንዴሽን ያቀረቡትን ሐሳብ የሌጎ ፋውንዴሽን ተቀብሎ፣ እ.ኤ.አ. በ2019 የብሬል መጫወቻ ጡቦችን ይፋ አደረገ። በጡቡ ላይ ያሉት እብጠቶች የአንድን ፊደል ነጥቦች ይሠራሉ፤ ከሥራቸው ያው ፊደል በቀለም ታትሟል። ከሁሉ የሚበልጠው ይህ ኅትመት ነው። ብሬል የማታውቅ እናት፣ ዓይናማ ወንድም ወይም የሰፈር ጓደኛ አብሮ መጫወት ይችላል። ብሬል ልጁ ብቻውን የሚማረው ምስጢር መሆኑ ይቀራል።

እዚህ አገር የዴንማርክ ፕላስቲክ እስኪደርስ መጠበቅ ግን አያስፈልግም። ገበጣ አለ። በሦስት ረድፍ፣ በየረድፉ ስድስት ጉድጓድ ያለውን ገበጣ ያስቡ፦ ሁለት ዓምድ በሦስት ረድፍ ስድስት ጉድጓድ፣ ማለትም አንድ የብሬል ሴል ነው። ሙሉው ገበጣ ሦስት ሴል ይይዛል። የአማርኛ ብሬል ደግሞ ተነባቢውን በአንድ ሴል፣ አናባቢውን በቀጣዩ ሴል ስለሚጽፍ፣ "ላም" የሚለው ቃል ልክ ሦስት ሴል ይሆናል። ለ"ል" የግራው ዓምድ ሦስቱም ጉድጓዶች፣ ለ"አ" የግራው የላይኛው፣ ለ"ም" የግራው ላይና ታች ከቀኙ የላይኛው ጋር፤ በሰባት ብይ አንድ ቃል ተጻፈ።

ጨዋታው ከዚህ ይቀጥላል። "ሉ" ላይ የቀኙን የታችኛውን ብይ አንድ ጉድጓድ ከፍ ቢያደርጉት "ሎ" ይሆናል። አንዱ ልጅ ይለውጣል፣ ሌላው ዳስሶ ይናገራል፤ ዓይናማው ዓይኑን ጨፍኖ ቢሞክር ውድድሩ ይሞቃል። ገበጣ ከሌለም የእንቁላል ካርቶን ቆርጦ በቆርኪ መጫወት ይቻላል።

ይህ ብቻውን ግን አንባቢ አያደርግም። ትልቁ ጉድጓድ የፊደሉን ቅርጽ ያስጨብጣል፤ ንባብ ግን ትንንሽ ነጥቦች ላይ ጣትን ማስኬድ ነው። ስለዚህ ከጨዋታው ጎን በእውነተኛው መጠን የተጻፈ ስሙ ኩባያው ላይ፣ ቦርሳው ላይ፣ የአልጋው ራስጌ ላይ ተለጥፎ ሊያገኘው ይገባል።

ስልክ ጮክ ብሎ እያነበበ ብሬል ለምን ያስፈልጋል የሚሉ አሉ። ድምፅ ብዙ ይረዳል፤ ሆኖም ቃሉ በየትኛው ፊደል እንደሚጻፍ፣ አንቀጹ የት እንደሚያልቅ፣ የሒሳቡ ቀመር እንዴት እንደተደረደረ አያሳይም። ከወሎ ተነሥታ በሻሸመኔ የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት የተማረችው፣ በኋላም የሕግ ባለሙያ ሆና እ.ኤ.አ. በ2017 የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት የተቀበለችው የትነበርሽ ንጉሤን ለመሰለች ልጅ መሠረቱ በእጇ የምታነበው ፊደል ነው።

ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2010 ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በአንቀጽ 24 መንግሥታት የብሬል ትምህርትን እንዲያመቻቹ በግልጽ ያዛል። ይህ ትምህርት መጀመሪያ ሊደርስ የሚገባው አንደኛ ክፍል ሳይሆን መዋዕለ ሕፃናት ነው። ዓይናማ መምህር ብሬልን በዓይኑ ማንበብ ስለሚችል፣ ትምህርቱ ለልዩ ፍላጎት ባለሙያዎች ብቻ የሚተው አይደለም። የመምህራን ኮሌጆች የቅድመ መደበኛ ሠልጣኞቻቸውን በሙሉ የተነባቢውንና የአናባቢውን ሴሎች አስተምረው ቢያስመርቁ፣ ማየት የተሳነው ልጅ ከሰፈሩ ሕፃናት ጋር እየተጫወተ ፊደል ይቆጥራል።