ውሃው ከጎደለ በኋላ



በማኅበራችን አዳራሽ በሁለት እሑድ ከፍለን ያየነው ፊልም፣ አሜሪካዊው ስፓይክ ሊ በ1998 ዓ.ም. ያወጣው የአራት ሰዓት ዘጋቢ ፊልም ነው። ነሐሴ 23 ቀን 1997 ዓ.ም. ካትሪና የተባለው አውሎ ነፋስ ከመታ በኋላ የኒው ኦርሊንስ ሕዝብ ያየውን መከራ ይተርካል።

በውይይቱ ላይ ግማሹ ሰው «የፈጣሪ ቁጣ ነው» አለ፤ ግማሹም «ሀብታም አገር እንዲህ ይሆናል ወይ!» ብሎ ተገረመ። እኔ በሁለቱም አልረካሁም። ከከተማው 80 በመቶ ያህሉ በውሃ የተዋጠው በአብዛኛው የጎርፍ መከላከያው ግድብ ስለተሰበረ ነው። የሠራው የአሜሪካ ጦር መሐንዲሶች ክፍል የንድፍ ጉድለት እንደነበረበት በኋላ ራሱ አምኗል። በሉዊዚያና ከሞቱት ውስጥም ግማሽ ያህሉ 75 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆናቸው አረጋውያን ነበሩ።

ከሁሉ ይልቅ ልናገር የፈለግሁት ግን ከዚያ በኋላ ስለመጣው የወረቀት ጣጣ ነው። ውሃው ከ40 ቀን በላይ ቆይቶ ተመጠጠ። መንግሥት ለቤት ማሠሪያ እርዳታ ሲሰጥ የባለቤትነት ማስረጃ ጠየቀ። ከአያት ከአባት በወረሱት ቤት፣ ስም ሳያዛውሩ ይኖሩ የነበሩ ብዙ ድኾች ጥቁሮች እርዳታው ዘገየባቸው፤ ጨርሶ የቀረባቸውም አሉ። ማስረጃ ለነበረውም ቢሆን፣ እርዳታው የሚሰላው ከቤቱ የቀድሞ ዋጋና ከማሠሪያው ወጪ ባነሰው ነበር። ስለዚህ ቤት ርካሽ በሆነበት በጥቁሮች ሰፈር ገንዘቡ ለብዙዎች አልበቃም። በዚህ የተነሣው ክስ በ2003 ዓ.ም. በስምምነት አለቀ።

እስቲ ወደ ራሳችን እንመለስ። የሟች አባቱን ካርታ ሣጥን ውስጥ ቆልፎ «እኛ ወንድማማቾች ነን፤ ምን ወረቀት ያስፈልገናል?» የሚል በመካከላችን ስንቱ ነው? እውነቱን ለመናገር እኔም አንዱ ነኝ። ፊልሙን ካየሁ ወዲህ ግን እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ስለዚህ ማኅበራችን ሁለት ነገር ቢያደርግ እላለሁ። አንደኛ፣ የወራሽነት ማስረጃ ያላወጣውን ቤተሰብ የሚረዱ፣ የፍርድ ቤቱን አካሄድ የሚያውቁ ሦስት አራት ሰዎች ይመረጡ። ሁለተኛ፣ ብቻቸውን የሚኖሩ አረጋውያን ተመዝግበው ለእያንዳንዳቸው አንድ ጎረቤት ይመደብ። የእድሩ መዝገብ ሲሞቱ ያስታውሳቸዋል፤ በደህና ቀን የሚያስታውሳቸው መዝገብ ግን የለንም።

ለሁለቱም ብዙ ገንዘብ አያስፈልግም። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳይሆንብን በሚመጣው ስብሰባ እንነጋገርበት።

ከሰፈሩ ነዋሪዎች አንዱ