ሳይቀመስ የሚገዛው ሳጥን

የበበቃ ቡና ጆንያው ላይ «አንደኛ ደረጃ» ስለተጻፈበት ብቻ አንደኛ አይሆንም። ናሙና ይወሰዳል፣ ጥሬው ይታያል፣ ከዚያ ተቆልቶና ተፈጭቶ ይቀመሳል። ቀማሹ የማን ቡና እንደሆነ አይነገረውም፤ የሚያየው ኮድ ነው።

ኮምፒውተር ክፍል ስንገባ ግን ይህ ሁሉ ጥንቃቄ በር ላይ ይቀራል። ሚዛን ተፈሪም እንበል ቴፒ፣ አዲስ አበባም ቢሆን፣ የፋየርዎል ሻጭ «99 ከመቶ ቫይረስ ይይዛል» ካለ አለቀ፣ ደቀቀ!

እስቲ ሒሳቡን እንሥራው። በቀን 10,000 ፋይል ያልፋል፤ ከነዚህ 10ሩ ቫይረስ ናቸው እንበል። ሳጥኑ አሥሩንም ያዘ፣ ጎበዝ። ነገር ግን ከንጹሐኑ ፋይሎች ውስጥ ከመቶ አንዱን በስህተት «ቫይረስ!» ካለ በቀን ወደ 100 የሐሰት ጩኸት አለ። ከ110 ጩኸት እውነቱ 10 ብቻ! የአይቲው ልጅ ሳምንት ሳይሞላው ማስጠንቀቂያውን ቢያጠፋው ትፈርዱበታላችሁ?

«ሞክረነዋል» የሚሉም አሉ። በምን? በ«ኢካር» ፋይል። ኢካር 68 ፊደልና ምልክት ያለው፣ ጉዳት የሌለው መሞከሪያ ነው። ሳጥኑ መሥራቱን እንጂ መጎበዙን አይነግርም።

ጋዜጠኝነት ለተማርን ሰዎች ነገሩ ቀልድ አይደለም። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2013 ለኢሳት ሠራተኞች በስካይፕ የተላከው ፋይል ሰነድ ይመስል ነበር። የካናዳው ሲቲዝን ላብ በ2014 ባወጣው ምርመራ የጣሊያኑ ሀኪንግ ቲም የሚሠራው መሰለያ መሆኑን አጋለጠ። ለአንድ ሰው ተለክቶ የተሰፋ ቫይረስ በድሮ ቫይረሶች መዝገብ ውስጥ ተፈልጎ አይገኝም።

ስለዚህ ፈተናው እውነተኛ ይሁን። ከኢንተርኔት በተነጠለ ኔትወርክ ላይ አሮጌም አዲስም ቫይረስ ይለቀቅበት። የመሥሪያ ቤቱ ንጹሕ ደብዳቤና የደመወዝ ሰነድም አብሮ ይለፍ። በፓስወርድ የተቆለፈ ዚፕም ይጨመር። የያዘው፣ ያመለጠውና በሐሰት የጮኸበት ለየብቻ ይቆጠር። በፍላሽ ዲስክ የሚገባው ደግሞ በሳጥኑ በኩል እንደማያልፍ አንርሳ፤ ለእሱ እያንዳንዱ ኮምፒውተር የራሱን ዘበኛ ይፈልጋል።

ይህን ለመሥራት የውጭ ባለሙያ መጥራት አያስፈልግም። የሚዛን ቴፒ ዩኒቨርሲቲ የኮምፒውተር ተማሪዎች የመመረቂያ ጽሑፍ ቢያደርጉት፣ የግዢ ክፍሎችም ጨረታው ላይ «ሳይፈተን አይከፈልም» የምትል አንዲት መስመር ቢጨምሩ ይበቃል። ቡና ቀምሶ ደረጃ የሚያወጣ አገር ሳጥን መቅመስ ያቅተዋል?