«ምን አለ?» የሚል ልጅና የረከሰው ቶም ኤንድ ጄሪ

ባለፈው ሰሞን የእህቴ ልጅ ስልኬን ተቀብሎኝ ቶም ኤንድ ጄሪ ሲያይ አጠገቡ ተቀምጬ ነበር። አምስት ዓመቱ ነው። ሁለት ደቂቃ ሳይቆይ ቀና አለና «ምን አለ?» አለኝ። የቤቱ ሰውዬ በእንግሊዝኛ ተናግሮ ነበር፤ ተረጎምኩለት። ትንሽ ቆይቶ ውሻው አወራ። አሁንም «ምን አለ?» አራተኛው ላይ ሰለቸውና ስልኩን መልሶልኝ ወደ ውጭ ሮጠ።

እኔ በሱ ዕድሜ ቶም ኤንድ ጄሪ እያየሁ «ምን አለ?» ብዬ የጠየቅኩበት ቀን ትዝ አይለኝም።

ያደግኩት ላሊበላ ነው። ቤታችን ቴሌቪዥን ስላልነበረ ቅዳሜ፣ ትልልቆቹ ገበያ ሲወርዱ፣ እኛ ልጆቹ ሳንቲም አዋጥተን ሲዲ እንከራይና ጎረቤት እንሰበሰብ ነበር። ከሁሉም የማልረሳው ግን አንድ የገና ሰሞን ነው። አጎቴ የሚሠራባት ትንሽ ሆቴል ሳሎን ውስጥ ነበርን። አጠገቤ ከዋግ በኩል ከቤተሰቡ ጋር በእግሩ ለበዓል የመጣ እኩያዬ ተቀምጧል፤ ቋንቋው ኽምጣንኛ ነው፣ አማርኛው ገና ነበር። ከኋላችን ሻይ የያዙ አንድ ሽማግሌ ፈረንጅ አሉ። ቶም ሱፍ ለብሶ ፒያኖ ይጫወታል። ጄሪ የፒያኖውን ክዳን ጣቶቹ ላይ ሲደፋበት ሦስታችንም እኩል ፈነዳን። በመካከላችን አንድ የጋራ ቃል አልነበረም።

«አይ፣ ልጅነትህ ናፍቆህ ነው» የሚለኝ ጓደኛ አለ። እውነቱን ሊሆን ይችላል፤ የልጅነቱን የማያሞግስ የለም። ስለዚህ ማታ ማታ እያመሸሁ የየዘመኑን ለይቼ ደግሜ አየሁት። ናፍቆት ብቻ አይደለም።

ዊሊያም ሃና እና ጆሴፍ ባርቤራ እ.ኤ.አ. ከ1940 እስከ 1958 ድረስ 114 አጫጭር ፊልሞች ሠሩ፤ ሰባቱ ኦስካር አሸነፉ። እስቲ አብረን እናስላ። ፊልም በሰከንድ 24 ፍሬም ነው። የሰባት ደቂቃ ካርቱን 10,080 ፍሬም ይሆናል ማለት ነው። አንዱን ሥዕል ለሁለት ፍሬም ቢጠቀሙበት እንኳ ከ5 ሺህ በላይ ሥዕል በእጅ መሣል አለበት። ሙዚቃውን የሚጽፈው ስኮት ብራድሊ ደግሞ እያንዳንዷን ኮቴ፣ እያንዳንዷን ውድቀት በመሣሪያ ይከተላል። ድምፁን ዘግታችሁ ሞክሩት፤ ግማሹ ቀልድ ይጠፋል።

ታዲያ ምን ሆነ? ሂሳብ ሠሪው መጣ። ኤም ጂ ኤም የተባለው ኩባንያ የቆየውን ካርቱን ደግሞ ለሲኒማ ማሳየት ከአዲሱ ብዙም የማያንስ ገቢ እንደሚያስገኝ አየና እ.ኤ.አ. በ1957 የካርቱን ስቱዲዮውን ዘጋው። ኢኮኖሚክስ የተማርኩ ሰው ነኝ፤ ውሳኔው እንደ ቢዝነስ ስህተት ነው ለማለት ይከብደኛል። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሥራው ፕራግ ላለው ለጂን ዳይች ተሰጠ። አንዱ ፊልም በ10 ሺህ ዶላር ገደማ፣ በድምሩ 13 ፊልም። እነዚያን ስታዩ ታውቋቸዋላችሁ፤ ቶም ይወድቃል፣ ግን ክብደት የለውም፣ ድምፁም ከጉድጓድ የሚወጣ ይመስላል። ቀጥሎ ቹክ ጆንስ 34 ሠራ። ያምራሉ፣ ግን ለኔ ቀዝቃዛ ናቸው። በ1975 ለቴሌቪዥን ሲሠሩ ጠብ ለልጆች አይበጅም ተባለና ሁለቱን ጓደኛሞች አደረጓቸው። ጓደኛሞች! በ1992 ደግሞ በትልቁ ፊልም አፍ አውጥተው አወሩ፣ ዘፈኑም። ከ2014 ወዲህ በሚታየው ተከታታይ ሁለቱ ዝም ቢሉም በዙሪያቸው ያለው ሁሉ ያወራል።

ወሬው ለምን በዛ? ምክንያቱም ወሬ ከሥዕል ይረክሳል። ድመት ደረጃ ላይ ሲንከባለል ለማሳየት ብዙ ሥዕል ያስፈልጋል። ሁለት ሰው ቆሞ ሲያወራ ግን አፍ ብቻ ነው የሚንቀሳቀሰው። ቀልዱ ከሰውነት ወደ ቋንቋ ሲዞር ወጪ ይቀንሳል። ግን ወጪው የት ሄደ? አልጠፋም። እንግሊዝኛ ወደማይችለው ልጅ ተዛወረ። የእህቴ ልጅ አራት ጊዜ «ምን አለ?» ያለው በቁጠባው ዋጋ ነው።

ቆይ ግን፣ የድሮውንም ንጹሕ አላድርገው። ያቺ እግሯ ብቻ የሚታየው፣ ቶምን በመጥረጊያ የምታባርረው ጥቁር ሴትዮ ትዝ አለቻችሁ? ልጅ ሆኜ የማንም ቤት እናት ትመስለኝ ነበር። ካደግኩ በኋላ ነው በአሜሪካ ስለ ጥቁር የቤት ሠራተኛ የነበረው ንቀት በእሷ እንደተሣለ የገባኝ። በፍንዳታ ፊቱ ጠቁሮ የሚያስቀው ቶምም እንዲሁ። ስለዚህ «የድሮው ይመለስ» አይደለም የምለው።

የምለው ይሄ ነው፦ ካርቱን ማውራት ካለበት፣ ለኛ ልጆች በቋንቋቸው የሚያወራ ማን አለ? ከአርባ ዓመት በላይ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ተረት የነገሩን አባባ ተስፋዬ በ2009 ዓ.ም. አርፈዋል። እ.ኤ.አ. በ2006 ደግሞ አስተማሪ የነበረችው ብሩክታዊት ጥጋቡ ከባለቤቷ ጋር ሆና «ፀሐይ መማር ትወዳለች»ን ይዛ መጣች። ስድስት ዓመቷ የሆነች ቀጭኔ፣ የጨርቅ አሻንጉሊት፣ በአማርኛ። በጀቷ ከሆሊውድ ጋር አይነጻጸርም፤ ሆኖም ዓለም አቀፍ ሽልማት ወስዳለች። እኛ ቤት ፀሐይ ስትመጣ ተርጓሚ አያስፈልግም ነበር፤ ታናሼ ፊደል የቆጠረችው ግማሹን ከእሷ ነው። ግን ፀሐይ አንድ ናት። ሃያ ያስፈልጉን ነበር።

ለምን ሃያ አልሆኑም? የአምስት ዓመት ልጅ ደንበኛ አይደለም። ቢራ አይገዛም፣ ባንክ ሂሳብ አይከፍትም፣ ስፖንሰር አይጎትትም። ዩቲዩብም ቢሆን ከ2020 ጀምሮ በልጆች ቪዲዮ ላይ በተመልካቹ መረጃ የተመረጠ ማስታወቂያ ማሳየት አቁሟል። ለልጆቹ ጥሩ ነው፣ ለሠሪው ግን የገቢ መቀነስ ነው። ገበያ በራሱ የማይሠራው ነገር ማለት ይሄው ነው፤ ለዚህ ነው ከሕዝብ በጀት የሚተዳደር ጣቢያ ያለን። ኢቢሲና የአማራ ሚዲያ ኮርፖሬሽን በሳምንት ቋሚ ሰዓትና ተለይቶ የተቀመጠ የልጆች በጀት ይኑራቸው። የበዓል ዋዜማ ልዩ ዝግጅት ሲቆረጥ የማይቆረጥ በጀት።

ደግሞ የሚሠራው ነገር ኢንተርኔት ላይ ብቻ አይቀመጥ። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ከተማችንን ካለፈ በኋላ ላሊበላ ለወራት መብራት አልነበራትም። በኋላም ዳታ የተዘጋበት ረጅም ጊዜ ነበር። ያኔ ልጆቹ ያዩት የነበረው በአንድ ሰው ሜሞሪ ላይ የተገኘውን ነው፣ በሶላር በተሞላ ስልክ፣ ያንኑ እየደጋገሙ። የሰፈራችን ሜሞሪ ላይ አስራ አንድ ቶም ኤንድ ጄሪ ነበር። በአማርኛ የተሠራ የልጆች ፕሮግራም ፈልጌ አንድም አላገኘሁም።

ትናንት ለእህቴ ልጅ ያንን የፒያኖውን አሳየሁት። ከ75 ዓመት በላይ የሆነው ፊልም ነው። ክዳኑ ጣቶቹ ላይ ሲወድቅ እየሳቀ ከወንበር ወረደ፤ ሲያልቅ «ድገመው» አለኝ።