ቁልፉ በማን እጅ ይሁን?
(ስለ ትምህርት ቤት ኮምፒዩተርና ኢንተርኔት ለሰፈራችን ነዋሪዎች የቀረበ)



እንደሚታወቀው ማኅበራችን በዚህ ሰሌዳ ላይ ብዙውን ጊዜ የሚጽፈው ስለ ወርኃዊ መዋጮ፣ ስለ ውኃ መውረጃና ስለ ጽዳት ነው። ዛሬ ግን ከቦይ ጠረጋ የከበደ ጉዳይ ይዘን ቀርበናል። በቅርቡ ባደረግነው ስብሰባ ላይ «ኢንተርኔት ልጆቻችንን ጨረሰ፤ የትምህርት ቤት ኮምፒዩተር ክፍል ይቆለፍ፤ ስልክም ከተማሪ እጅ ይነጠቅ» የሚል ሐሳብ ቀርቦ ብዙ ጭብጨባ አገኘ። ጭብጨባው ከልብ የመነጨ የወላጅ ጭንቀት መሆኑን እናውቃለን። ሐሳቡ ግን ትክክል አይደለም። ለምን እንዳልሆነ ደግሞ በግልጽ እንናገራለን።

በመጀመሪያ እውነቱን እንመን። ልጁ ስልክ ይዞ ያድራል፤ ጠዋት ክፍል ውስጥ ያንቀላፋል። የቤት ሥራ ሲሰጠው ጥያቄውን ለማሽን ጽፎ መልሱን እንዳለ ይገለብጣል። ቻትጂፒቲ የሚባለው ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ የመጣ ነው፤ የጠየቁትን ሁሉ ይመልሳል፤ ሲሳሳትም እንዳልተሳሳተ ሆኖ ነው የሚመልሰው። የፈተና ወቅት ሲደርስ ደግሞ በቴሌግራም «የዘንድሮ ፈተና በእጃችን ገብቷል፤ ገንዘብ ላኩ» የሚሉ ሌቦች ይነሣሉ። ልጁ ከእናቱ መቀነት ፈትቶ ይልካል፤ የሚደርሰው ወረቀት ግን የሐሰት ነው። በሬ ሆይ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ ማለት ይኸ ነው።

ይኸ ጉዳይ ያንድ ልጅ ጥፋት ብቻ ሆኖ አይቀርም። በግንቦት 2008 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል የእንግሊዝኛ ፈተና በማኅበራዊ መገናኛ ተበተነና ፈተናው በሙሉ ተሰረዘ። ከ250 ሺህ በላይ ተማሪ፣ ሌሊቱን በኩራዝ ሲያጠና የከረመው ጭምር፣ እንደገና እንዲፈተን ተደረገ። በዚያው ዓመት ፈተናው እንደገና ሲሰጥ ማኅበራዊ መገናኛዎች ተዘጉ። በ2009 እና በ2011 ዓ.ም. ደግሞ በፈተና ሰሞን ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ተቋረጠ። ጥቂቶች ባጠፉት ነጋዴውም፣ ሐኪሙም፣ ዘመዱ ውጭ አገር ያለውም ተቀጣ። ከዚያ ወዲያ ፈተናው ወደ ዩኒቨርሲቲዎች ተዛውሮ በ2015 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ በጥብቅ ቁጥጥር ሲሰጥ ጉዳችን ወጣ። ውጤት ከተገለጸላቸው 896 ሺህ ያህል ተፈታኞች ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ ሆኑ። ስንት ዓመት በኩረጃ ተሸፍኖ የቆየው ድህነታችን ያን ቀን ታየ።

እንግዲህ «ይዘጋ» የሚሉት ወገኖች ይህንን ሰምተው «አላልናችሁም?» ይሉን ይሆናል። የለም፣ ነገሩ እንደሱ አይደለም። ልብ ብላችሁ አስቡት። ኩረጃ የመጣው ከኮምፒዩተር ነው እንዴ? ኮምፒዩተር ሳይኖርም በእጅ መዳፍ፣ በእግር ጫማ፣ በቀሚስ ጫፍ ይጻፍ ነበር። ማሽኑ ያደረገው ነገር ቢኖር የነበረውን ክፉ ልማድ ማፍጠን ነው። ልማዱን ትቶ ማሽኑን መቆለፍ ትኋን ነከሰኝ ብሎ ቤቱን እንደማቃጠል ነው።

ደግሞስ የሚቆለፈው ምንድን ነው? በ2015 ዓ.ም. አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ሥራ ላይ መዋል ሲጀምር የታተመ መጽሐፍ ለሁሉ አልተዳረሰም። ብዙ ተማሪ መጽሐፉን ያነበበው በስልክ ላይ ተጭኖለት ነው። አንድ ስልክ ለሦስትና ለአራት ልጅ ሲያገለግል አይተናል። «ስልክ ይነጠቅ» የምትሉ ወገኖች፣ ስልኩን ስትነጥቁ መጽሐፉንም መንጠቃችሁ እንደሆነ አስባችሁታል ወይ?

መዘጋት ምን እንደሚያመጣ ለእኛ ለአማራ ክልል ሰዎች ማንም ሊነግረን አይገባም። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤት ሲዘጋ የከተማ ልጅ በቴሌግራም ከመምህሩ ማስታወሻ ይቀበል ነበር፤ የገጠሩ ልጅ ከብት ሲጠብቅ ከረመ። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ ደግሞ በክልላችን በተነሣው ግጭት የስልክ ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ ቆየ። በ2017 ዓ.ም. ከ4 ሚሊዮን በላይ የክልሉ ልጆች ከትምህርት ገበታ ውጭ መሆናቸው ተገለጠ። የኛ የሳንጃ ልጅ በደኅናውም ጊዜ ሰሊጥ አጨዳ ሲደርስ ደብተሩን ጥሎ ወደ ቆላው የሚወርድ ነው። ይኸን ሁሉ መከራ ያለፈ ልጅ ወደ ትምህርት ቤት ሲመለስ የሚጠብቀው የተቆለፈ በር ነው ወይ?

የተቆለፈ በር ምን እንደሚመስል እናውቃለን። ስሙን የማንጠራው አንድ ትምህርት ቤት ሄደን ነበር። ኮምፒዩተሮቹ በጨርቅ ተሸፍነው፣ በላያቸው አቧራ ጠጥተው፣ ቁልፉ በአንድ ሰው ኪስ ውስጥ ነበር። ለምን ብለን ብንጠይቅ «ልጆች ያበላሹታል» ተባልን። ሳይነካ የተበላሸ ዕቃ አላያችሁም? በ1990ዎቹ መጨረሻ ለሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የመጣው ፕላዝማ ቴሌቪዥን የት ደረሰ? ትምህርቱ በእንግሊዝኛ በፍጥነት ይሄድ ነበር፤ መብራት ሲጠፋ ያልፋል፤ ሲሰበር ጠጋኝ የለውም። ብዙው የግድግዳ ጌጥ ሆኖ ቀረ። ያን ገንዘብ የበላው ብልግና አይደለም፤ ባለቤት ማጣት ነው። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም እንዲሉ፣ ቁልፍ ይዞ መቀመጥን እንደ ጥንቃቄ የሚቆጥር ሰው አገር አይጠቅምም።

«ከቆለፍነው አይነኩትም» ለሚሉም አንድ የታወቀ ነገር እንንገራቸው። በ2004 ዓ.ም. የውጭ አገር ባለሙያዎች ወንጪና ወሎንጪቲ አካባቢ ባሉ ሁለት መንደሮች ፊደል ላልቆጠሩ ልጆች ታብሌት የሚባለውን ጠፍጣፋ ኮምፒዩተር ያለ አስተማሪ ሰጧቸው። ልጆቹ ሣጥኑን ከፍተው ማብሪያውን ራሳቸው አገኙት። በጥቂት ወራት ውስጥ፣ ባለሙያዎቹ ዘግተውት የነበረውን ካሜራ ሳይቀር ከፍተው ፎቶግራፍ ማንሣት ጀመሩ። እንግዲህ ይታያችሁ! ማሽኑን መክፈት ለልጅ ማንም አያስተምረውም፤ ቁልፍም አያቆመውም። ልጅ የሚቸግረው የትኛው እውነት፣ የትኛው ውሸት፣ የትኛው የሚያሳፍር መሆኑን መለየት ነው። ያንን የሚያስተምረው መምህርና ወላጅ ነው።

ለዚህም ምሳሌ ፍለጋ ባሕር መሻገር አያስፈልገንም። የጎንደር የቆሎ ተማሪ እንዴት ይማራል? የኔታ ያነበንባሉ፤ ልጁ ይከተላል፤ ሌሊት ከጓደኛው ጋር ይቀጽላል፤ በማግሥቱ ከየኔታ ፊት ቆሞ በቃሉ ይወጣዋል። ቅኔ ሲቆጥር የሌላ ሰው ቅኔ ሰርቆ ቢያመጣ የኔታ ከሁለተኛው ቃል አያሳልፉትም፤ «ይኸ ያንተ አይደለም» ይሉታል። መጻሕፍት አልተቆለፉበትም፤ ኃላፊነት ግን ተጥሎበታል። እኛም የምንለው ይኸንኑ ነው። ልጁ ከኢንተርኔት ያገኘውን ያምጣ፤ ግን ተነሥቶ በራሱ ቃል ያስረዳ። ማስረዳት ካልቻለ አልሠራውም።

«በሠለጠነው አገርም እኮ ተከልክሏል» የሚሉን አሉ። እውነት ነው፣ ፈረንሳይ በ2010 ዓ.ም. ባወጣችው ሕግ በአንደኛና በመካከለኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ተማሪ ስልክ እንዳይጠቀም ከልክላለች። ነገር ግን ያ ሕግ ለትምህርት ሲባል መምህር የፈቀደውን አይከለክልም። እነሱ ጨዋታውን ከለከሉ፤ እኛ ትምህርቱን ልንከለክል ነው። ልዩነቱ ሰማይና ምድር ነው።

በሌላ በኩል «ልጅ ነው፣ ይለቀቅ፣ ራሱ ይወቅበት» የሚሉትንም አንደግፍም። ለልጅ ስልክ ገዝቶ ሰጥቶ መለየት ከሰው መንጋ ጋር ቀላቅሎ እንደመተው ነው። ተማሪዎችም ይኸን ስሙ። የሰው የይለፍ ቃል ሰርቆ መግባት፣ የእኅትን ፎቶ አንሥቶ መበተን፣ በስልክ ማስፈራራት ቀልድ አይደለም። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958 ያለ ፈቃድ በሌላ ሰው ኮምፒዩተር ውስጥ መግባትንም፣ ሰውን በዚህ መሣሪያ ማስፈራራትንም በእሥራት ያስቀጣል። አንዲት ልጅ በተበተነ ፎቶ ምክንያት ትምህርቷን ጥላ ብትቀር ዕዳው የሁላችንም ነው።

ስለሆነም ማኅበራችን የሚከተለውን ያሳስባል፤

1ኛ/ ኮምፒዩተር ያለው ትምህርት ቤት ሁሉ ክፍሉን በሰዓት ሠሌዳ ይክፈት። ቁልፉ ለተራ በተመደበ መምህር እጅ ይሁን፤ የገባ ተማሪ ስሙንና የሠራውን በመዝገብ ያስፍር።

2ኛ/ መብራትና መስመር በየጊዜው ስለሚጠፋ ያለ ኢንተርኔት የሚሠራ ንባብ በኮምፒዩተሮቹ ላይ ይጫን። ኪዊክስ በሚባለው ፕሮግራም ዊኪፔዲያን የሚያህል መዝገበ ዕውቀት ያለ መስመር ማንበብ ይቻላል፤ ፕሮግራሙ በነፃ ነው። የመማሪያ መጻሕፍቱም አብረው ይጫኑ።

3ኛ/ በትምህርት ሰዓት ስልክ በመምህሩ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጥ፤ መምህሩ «አሁን መጽሐፉን ክፈቱ» ሲል ይወሰድ።

4ኛ/ ወላጅ ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ ስልኩን ተቀብሎ ከራስጌው ያኑር። «እኔ አልተማርኩም፣ ምን አውቃለሁ» ማለት ምክንያት አይሆንም። ልጅ ተኝቶ እንደሆነና እንዳልሆነ ለማየት ዲግሪ አያስፈልግም።

5ኛ/ የማኅበሩ ወጣቶች በኮምፒዩተር የሠለጠኑ ከሆነ በሳምንት አንድ ቀን ታናናሾቻቸውን ያግዙ።

የተከበራችሁ ነዋሪዎች፤ አባቶቻችንና እናቶቻችን በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ቀን ሲያርሱ ውለው ማታ በፋኖስ ፊደል ቆጥረዋል። ያን ጊዜም «ሴት ፊደል ብትቆጥር የፍቅር ደብዳቤ ልትጽፍበት ነው» የሚል ነበር። ቢሰማ ኖሮ ዛሬ የልጇን የትምህርት ውጤት ካርድ የምታነብ እናት አትኖርም ነበር። የዛሬው «ኮምፒዩተር ያባልጋል» የዚያ ታናሽ ወንድም ነው።

በ2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ፈተናው ለተወሰኑ ተማሪዎች በኮምፒዩተር መሰጠት ተጀምሯል። ነገ ለሁሉም መሆኑ አይቀርም። የሌላ ከተማ ልጅ ጣቱን ለምዶ ሲቀርብ የሳንጃ ልጅ የመጀመሪያዋን የኮምፒዩተር አይጥ የሚይዛት በፈተናው ዕለት ይሆን? የሚያውቀውን እያወቀ በመሣሪያው ሊወድቅ ነው ወይ? ሳይቃጠል በቅጠል ነውና፣ በመጪው ስብሰባ ላይ እያንዳንዱ ወላጅ ተገኝቶ ሐሳቡን እንዲሰጥ፣ የምንቃወመውም ካለ ፊት ለፊት እንዲከራከረን በጥብቅ እናሳስባለን። የሚቀር ሰው ግን በኋላ «ልጄ ተበላሸ» ብሎ ወደ ማኅበሩ እንዳይመጣ!

የማኅበሩ ጽሕፈት ቤት
ሳንጃ